የጓዲት ግራ ዓይን

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ድመት ዓይኗን ስትታመም ማን ዘንድ ትወሰዳለች? በሬ ሲታመም የሚያክመው አይጠፋም። በቅሎ ስታነክስ የሚያውቅባት አለ። ሰውም ቢሆን ወረፋውን ከቻለው ጤና ጣቢያ አለለት። ለድመት ዓይን ግን በዚያ ዘመን ላሊበላ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሐኪም አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ሐኪም አልነበርኩም። አስጎብኚ ነበርኩ፤ ያውም ጎብኚ የሌለው።

ደርግ ከመጣ ወዲህ ፈረንጁ እየሳሳ ሄዶ፣ ጦርነቱ ሲቀርብ ጭራሽ ቀረ። ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው ብቻ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ በየማለዳው ጫማዬን እጠርግና፣ ክርኑ ያለቀ ኮቴን ለብሼ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ እቆማለሁ። ማንም አይመጣም። ያለችኝን እንግሊዝኛ እንዳልረሳት ብዬ ጮክ እያልኩ ለራሴ አስጎበኛለሁ። «በስተቀኛችሁ የምታዩት…» እላለሁ፤ በስተቀኜ ያለው ቁራ ነው። አንድ ቀን አንድ አባ ከኋላዬ ቆመው ሲሰሙኝ ኖረው «እኔን! ይኸ ልጅ ተለከፈ» ብለው ጸበል ሊያስገቡኝ፣ በስንት ልመና ተረፍኩ።

ሥራ የፈታ ሰው የሰፈሩ ሁሉ ንብረት ነው። ጣራ ሲያፈስ እኔ፣ ሬዲዮ ሲታፈን እኔ፣ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል እኔ። ፈረንጅ አፍ ስለምችል ደግሞ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም። እኔም አላውቅም ማለት አይሆንልኝም፤ ይኸ በሽታዬ ነው። ጓዲት እጄ ላይ የወደቀችውም በዚሁ በሽታዬ ነው።

ጓዲት የእማሆይ ድመት ናት። እማሆይ ጎረቤቴ፣ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ፣ ሞገስ ከሚባል አንድ ልጃቸው በቀር ማንም የሌላቸው ሴት ናቸው። ሞገስ ቀልደኛ ነበር። ድመቷን ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ከየት እንዳገኛት እንጃ በኪሱ ይዟት መጣ። ስታድግ አንድ ጠባይ አወጣች፤ ድብን ብላ ተኝታ ሳለ ድንገት አንድ እግሯን ብድግ ታደርጋለች። ሞገስ ይኸን አይቶ «እችማ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው ያደገችው፤ ተኝታም ድምፅ ትሰጣለች» አለና እንደ ፓርቲ ሴቶች ስሟን ጓዲት አለው። እማሆይ ቃሉ ምን እንደሆነ በቅጡ አያውቁትም፤ ልጃቸው ያወጣው ስም ስለሆነ ብቻ ይወዱታል። ሲመሽ ደጃፍ ላይ ቆመው «ጓዲት! ነይ ግቢ፣ ጅብ ሳይበላሽ!» ሲሉ መንገድ ላይ ያለው ሰው አንገቱን ቀብሮ ያልፋል።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ቀበሌው ሞገስን መረጠ። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ለእናቱ ያላቸው ነገር ቢኖር «እማዬ፣ እስክመለስ ጓዲትን አደራ» ነው። ሊቀልድ ይሁን ሊያጽናናቸው አላውቅም። እማሆይ ግን አደራውን የምር ያዙት። ልጁ ወደ ሰሜን ሄደ። መጀመሪያ ላይ ከሚመጣ ከሚሄደው ወታደር ወሬው ይሰማ ነበር፤ ድርቁ ካለፈ በኋላ በመጣው ክረምት ግን ወሬው ጠፋ። የጓዲትም ዓይን የታመመው በዚያው ክረምት ነው። አሁን ገባችሁ? እማሆይ ቤት የታመመው የድመት ዓይን ብቻ አልነበረም።

ታማ ከርማ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ባሰባት። አንድ ጠዋት እማሆይ በነጠላቸው ጠቅልለው አመጧት።

«እስቲ እያት ልጄ። ይች ልጅ ዓይኗ ሊጠፋ ነው።»

ገለጥ አድርጌ አየኋት። ቀኙ አይናር ሞልቶት ተጣብቋል። ግራው ክፍት ነው፤ ግን መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ተነጥፎበታል። ምንም አልገባኝም። «እም…» አልኩ፤ ሐኪም ሲሆን የሚባለው እንደዚያ ነው።

«ምንድነው?» አሉ።

«መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል።»

ምርመራው እንዲህ ነበር። ቀኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ከፈትኩና ጣቴን በቀኝ በኩል አስጠጋሁ። ነከሰችኝ። በግራ በኩል አስጠጋሁ። ዝም። እንደገና በቀኝ፤ እንደገና ነከሰችኝ።

«ቀኙ ያያል፤ ግራው አያይም» አልኩ ጣቴን እየጠባሁ።

እማሆይ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈረንጅ አፍ ማወቅ እኮ ደግ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሞገስ መጥቶ ዓይኗሳ ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ቤቱ ቢቃጠል አይቆጣኝም። እሷን ግን አደራ ብሎኛል።»

ምን ይባላል? «አድናታለሁ» አልኩ። ወይ አፌ!

መጀመሪያ በሻይ አጠብናት። ቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ ያመጣኋትን ሻይ ቅጠል አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ በጥጥ እየነከርን አጠብናት። ነጭ የነበረው ፊቷ ቡናማ ሆነ፤ ዓይኗ እንደነበረ ነው። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት መድኃኒቱ የእናት ጡት ወተት ነው አሉን። አበሩ የምትባል አራስ ጎረቤት ነበረችን፤ ሲኒ ይዤ ሄድኩ።

«ለማን ነው?» አለች።

«ዓይኑን ለታመመ።»

«የማን ልጅ?»

«የ… የእማሆይ።»

«የእማሆይ!» ብላ በሣቅ ልትሞት ሆነ። እውነቱን ስነግራት ግን ሣቋ ቆመ። «ለድመት? አንተ ሰው፣ ይችን ልጅ እኮ ሌላዋ በድርቁ ከሞተችብኝ በኋላ ነው ያገኘኋት። የእሷን ወተት ለድመት ላልብልህ?»

አፍሬ ልወጣ ስል መልሳ ጠራችኝ። ሲኒውን ተቀበለችኝና ፊቷን አዙራ ትንሽ አለበችልኝ። «ለሞገስ ስል ነው» አለች። «ውሃ ይቀዳልኝ ነበር።» ያን ወተት በሁለት እጄ ተሸክሜው መጣሁ። ዓይኗ ላይ ላንጠባጥብ ሲኒውን ሳስጠጋ፣ ጓዲት ምላሷን አውጥታ ጭልጥ አደረገችው።

ጸበልም አልቀረንም። እማሆይ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ከአሸተን ማርያም በጠርሙስ አመጡ። ለማን እንደሆነ ግን ለአባቶቹ በግልጽ አልተናገሩም። «ለታመመ ፍጡር ነው አልኳቸው፤ አልዋሸሁም» አሉኝ። ጸበሉ ሲነካት ጓዲት ጮኸች። እማሆይ ደንግጠው «ለፈለፈች እንዴ?» ሲሉ፣ «የለም፣ ቀዝቅዟት ነው» አልኩ። በሕክምናዬ ዘመን ትክክል የሆነው ምርመራዬ ይኸ ብቻ ይመስለኛል።

የቀረው ጤና ጣቢያ ነበር። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ እስከ ዋርካው ደርሷል። ግማሹ የመጣው እንደኔ ለዓይን ነው፤ ዝንብ የወረራቸው ሕፃናት፣ በልጅ ልጅ ትከሻ የሚመሩ ሽማግሌዎች። ከእነሱ ጋር ተሰልፌ ለድመት መድኃኒት ልለምን? ልመለስ አልኩ። የእማሆይ ፊት መጣብኝና ቆየሁ። ተራዬ ሲደርስ መድኃኒት የሚሰጠው ድሬሰር ቀና ሳይል «ማነው የታመመው?» አለኝ።

አፌ ላይ የመጣው ስሟ ነበር። «ጓዲት ናት። ዓይኗን ታማ።»

ድሬሰሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጓዲት? ከአውራጃ የመጣችው?»

«የለም፣ እማሆይ ቤት ያለችው።»

«እማሆይ ቤት ነው ያረፈችው? ምነው የእንግዳ ማረፊያ እያለ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። «ክፉኛ ነው የታመመችው?»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። ግን ቅባቷ ከኋላው መደርደሪያው ላይ ተደርድራ ትታየኛለች። «ክፉኛ ነው። ሥራዋን እንኳን መሥራት አልቻለችም» አልኩ።

«ሥራዋ ምንድነው?»

«ጥበቃ ነው።» መቼም ድመት ቤት የምትቀመጠው እህል ከአይጥ ልትጠብቅ ነው፤ ምን ዋሸሁ?

ድሬሰሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥበቃ?»

«ሲመሽ ነው የምትሠራው። ጨለማ ውስጥ አድፍጣ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም። የዓይን ቅባቱን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ «ለጓዲት ሰላምታ አቅርብልኝ። ጤና ጣቢያው ሁልጊዜ ንጹሕ እንደሆነ ንገርልኝ» አለኝ።

ቅባት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ቅባት መቀባት ሌላ። እማሆይ በነጠላ ጠፍረው ያዙልኝ፤ እኔ ዓይኗን ከፍቼ ቱቦውን ጨመቅሁ። ምን እንደተፈጠረ እስካሁን አላውቅም። ብቻ ነጠላው ባዶ ሆኖ እማሆይ እጅ ላይ ቀረ፤ እኔ ከቅንድቤ እስከ ጉንጬ ተቦጭሬ፣ ቅባቱ የእኔ ዓይን ውስጥ ገብቶ ተገኘሁ። በማግስቱ አንድ ዓይኔን በሻሽ አሥሬ ወጣሁ። ያገኘኝ ሁሉ «ምን ሁነህ ነው?» ይለኛል። እኔም ሰው እንደሚጠረጥር ሳላስብ፣ የለመደብኝን ስም እየጠራሁ «ጓዲት ናት የቧጨረችኝ» እላለሁ።

ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ሲወርድ ሌላ ሆኖ ወረደ። አስጎብኚው አንዲት የፓርቲ ሴት ላይ እጁን ሊሰድ ሞክሮ ዓይኑን አጣ ተባለ። ገሚሱ አዘነልኝ፤ ገሚሱ «እንዲህ ደፋር መሆኑን አናውቅም ነበር» እያለ አከበረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ተፈርቼ አላውቅም። ዘበኛው እንኳን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሰላም አለኝ።

ታዲያ ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ፣ ለቀበሌ ሳትመዘገብ መነኩሲት ቤት አርፋ፣ ሲመሽ በጥበቃ የምትሠራ፣ ሰው የምትቧጭር ጓድ መኖሯን ሲሰማ ምን ይበል? ድሬሰሩንና ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ከች አለ። እኔ እማሆይ ቤት ቅባቱን ይዤ፣ መደብ ሥር የገባችውን ሕመምተኛ እለማመጥ ነበር።

«እማሆይ፣ እዚህ ያረፈችው ማን ናት?» አለ ደጃፉ ላይ ቆሞ።

«ማን?»

«ጓዲት!»

እማሆይ ዞር ብለው «ጓዲት! ነይ ውጪ፣ ትፈለጊያለሽ» አሉ። ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካከለ። ድሬሰሩ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። ጓዲት ከመደቡ ሥር ወጥታ፣ አንዱ ዓይኗ በአይናር አንዱ በነጭ እንደተሞላ፣ እየተንጠራራች መጥታ ሊቀመንበሩ እግር ሥር ጋደም አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ አንድ እግሯን ብድግ አደረገች።

እኔ ወንጀሌን በልቤ እቆጥራለሁ፤ አብዮቱ ላይ ማላገጥ፣ መንግሥትን ማታለል፣ የሕዝብ ቅባት ማባከን። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ስንቱ ቀርቷል።

«ይኸን ስም ማነው ያወጣላት?» አለ ሊቀመንበሩ። ጅማቱ ተገታትሯል።

«ሞገስ ነዋ» አሉ እማሆይ። «ልጄ። ረሳኸው እንዴ? አንተ አይደለህ የመረጥከው?»

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «አልረሳሁም» አለ። «ወሬው አለ?»

«የለም። አንተስ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

ተያዩ። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው። «ለማንኛውም ስሟ ይቀየር» አለ፤ ድምፁ ግን ትእዛዝ አይመስልም ነበር።

«ሞገስ ሲመጣ ይቀይረዋል» አሉ እማሆይ።

ሊቀመንበሩ ጠባቂውን ይዞ ሄደ። ድሬሰሩ ግን ቀረ፤ አፍሮም ይሁን አዝኖ እንጃ፣ ባትሪውን ከኪሱ አውጥቶ የጓዲትን ዓይን ገልጦ አየ። «ቀኙ የዓይን ማዝ ነው፤ ይኸ ቅባት ያድነዋል። አቀባቡን ላሳይህ» አለና በትንሽ ጣቱ ጫፍ ቀብቶ አሳየኝ። ግራው ላይ ሲደርስ ባትሪውን አጠፋ። «ይኸ ሞራ ነው። ሞራን ቅባት አያነሣውም። ሞራ የሚገልጥ ሰው ካላገኛችሁ በስተቀር።»

«የት ይገኛል?»

«ለሰውም ደሴ ነው። ለድመት…» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

እንግዲህ የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ይጀምራል ብትሉኝ አልከራከርም። ቀኙ በቅባቱ እየጠራ መጣ። እማሆይ ግን «ግራውሳ?» ማለት አልተውም። አንድ ቀን ሰይድ የሚባል ጨው ነጋዴ ወደ ብልባላ ገበያ ሲያልፍ አገኘሁትና፣ «ሰይድ፣ ሞራ የሚገልጥ ሰው አታውቅም?» አልኩት።

«ሞራ የሚገልጥ? እንዴት አላውቅም! ጋሽ እንድሪስ አሉ አይደለ፤ ወላሂ ሞራ ሲገልጡ እንደሳቸው የለም። ከሩቅ አገር ሁሉ ነው የሚመጣላቸው።»

«ያድናሉ?»

«አብሽር! ስንቱን አሳርፈዋል።»

ሰይድ ቃሉን ጠብቆ፣ ጾሙ ሲጋመስ ጋሽ እንድሪስን በበቅሎ ይዞልኝ መጣ። ረዥም፣ ሽበታም፣ ደስ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ቤቴ ሲገቡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ኮቴን «እንዴት ዋሉ?» አሉት፤ ለቤቱ ዕቃ ሳይቀር ሰላምታ መስጠት የአገራቸው ልማድ መሰለኝ። እማሆይ ጓዲትን ታቅፈው መጥተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«አላህ ያሽርልዎት» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ከመቸ ወዲህ ነው የጠፋው?»

«ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው አባቴ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ ድርግም።»

«በየት በኩል ነው?»

«በግራ።»

«በግራ…» አሉ እያሰቡ። «ወደ ፀሐይ መውጫ ዙሮ ለቆመ ሰው ግራው ሰሜን ነው። ሰሜን ነው ያለው።»

እማሆይ ክው አሉ። እኔም ገርሞኛል፤ የዓይን በሽታ አቅጣጫ እንዳለው አላውቅም ነበር። ግን አላውቅም ማለት አልወድምና ራሴን ነቀነቅሁ።

«ይመለሳል ወይ?» አሉ እማሆይ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል።

«እሱን ሞራው ነው የሚነግረን። በግ ያስፈልጋል።»

ጓሮዬ ለፋሲካ ያሠርኩት በግ ነበረኝ። ከድርቁ ወዲህ የመጀመሪያ በጌ ነው፤ በየማለዳው ጀርባውን እዳስሰው ነበር። እማሆይ በሁዳዴ ደም ማፍሰሱ ከብዷቸው አዩኝ። እኔም አዋቂው አብራራሁላቸው፦ «እማሆይ፣ ሞራን በሞራ ነው የሚያወጡት። ክትባት የሚባለው ነገር እኮ እንዲሁ ነው።» እማሆይ «ለመድኃኒት ከሆነ እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አሉ። ሰይድ በጉን ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ፋሲካዬን በዓይኔ እያየሁ ሸኘሁት።

ጋሽ እንድሪስ ሞራውን አስወጡና በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያዙት። ጣታቸው ጅማቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ፊታቸው ጨፈገገ።

«ይኸ መንገድ ነው» አሉ። «ይኸ ተራራ ነው። ልጅዎ…»

«ልጄ?» አሉ እማሆይ። «የምን ልጅ? የድመቷን ዓይን እንጂ!»

«የምን ድመት?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ለማታውቁት፣ በእኛ አገር ሞራ ገላጭ የሚባለው የታረደ በግ ሞራ ዘርግቶ የሚመጣውንና የራቀውን የሚናገር አዋቂ ነው። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ግን ያን ሰሞን ሞራ ሲባል የሚታየኝ ዓይን ብቻ ነበር። ለመነኩሲት፣ በሁዳዴ፣ በገዛ በጌ፣ ጠንቋይ ጠራሁላቸው ማለት ነው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

እማሆይ ተነሥተው እንዲወጡ ጠበቅሁ። ንስሐ አባታቸው ይኸን ቢሰሙ ጉድ ነው። ግማሽ ድረስ ተነሡ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ፣ ጓዲትን ለቀቋት።

«ይናገሩ» አሉ።

ጋሽ እንድሪስ ሞራውን ዝቅ አድርገው እንደገና ዳሰሱት። አፋቸውን ከፈቱ። ጓዲት በዚያች ቅጽበት ነው የዘለለችው። ዓይኗ አንድ ቢሆንም አፍንጫዋ ደህና ነው፤ ሞራውን ከሽማግሌው እጅ መንጭቃ፣ መሬት ለመሬት እየጎተተች አጥሩ ሥር ገባች። ጮኽን። ሰይድ ዱላ ይዞ ሮጠ። እኔ በደረቴ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ፤ ነከሰችኝ። እስክናወጣት ድረስ መንገዱንም ተራራውንም ሰሜኑንም በልታ ጨርሳ አፏን ትልሳለች።

«ሌላ በግ አለ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሌላ በግ አልነበረም። እማሆይ መጀመሪያ ሣቁ፤ እውነተኛ ሣቅ፣ ሞገስ ከሄደ ሰምቼው የማላውቀው። ሣቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። «እግዜር አልፈቀደም» አሉ። «በድመት አስከለከለኝ።» ጓዲትን አንሥተው፣ ስብ የነካውን አፏን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሥጋውን እኔ አልበላው፤ ጾም ነው። ለፋሲካም አላቆየው፤ በእስላም እጅ የታረደ ነው። ሙሉ በግ በቅሎ ላይ ተጭኖ ሄደ፤ ከባለቤቱ በቀር ሁሉም ተጠቅሟል። ጋሽ እንድሪስን እስከ ቁልቁለቱ ሸኘኋቸው። ሰይድ በቅሎዋን ይዞ ከፊታችን ሲቀድም፣ ያስጨነቀኝን ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ሞራው ላይ ምን አዩ? ፊትዎ ሲጠቁር አይቻለሁ።»

«ምንም አላየሁ ልጄ።»

«አይደብቁኝ። ለእሳቸው አልናገርም።»

ጋሽ እንድሪስ ቆሙ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ግን ከእኔ ጎን ያለውን ቁልቋል ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ ልብ ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። ሁለቱም ላይ እንደ ጓዲት ግራ ዓይን ነጭ ነገር ተነጥፏል።

«ካየሁ ቆየሁ» አሉ። «እኔኑ ነው ሞራ የያዘኝ። እጄ ይዳስሳል፣ አፌ ይናገራል። ሰይድ እንኳን አያውቅ።»

«ታዲያ ምን ሊሏቸው ነበር?»

«ይመጣል ልላቸው ነበር። ለሁሉም እናት ይመጣል ነው የምላቸው።»

«ያልመጣላቸውስ?»

«ያልመጣላት ተመልሳ አትጠይቀኝም» አሉ። ትከሻዬን ዳስሰው አገኙና ጨበጥ አድርገውኝ ወረዱ።

ስመለስ እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ናቸው።

«ምንም እንዳትነግረኝ» አሉ። «ኃጢአት ነው።»

«እሺ እማሆይ።»

ጓዲትን ይደባብሳሉ።

«ግን ምን አሉ?»

«ይመጣል አሉ።»

እማሆይ የጓዲትን ግራ ዓይን ነገር ከዚያ ቀን ወዲያ አንሥተውብኝ አያውቁም።

ቀኙ ዓይኗ ድኖላት ጓዲት ብዙ ኖረች። ደርግ ወደቀ። የተበተነው ወታደር በየመንገዱ እየተንጠባጠበ፣ ውሃ እየለመነ አለፈ። እማሆይ መንገድ ዳር ወንበር አውጥተው ተቀምጠው የያንዳንዱን ፊት ያዩ ነበር፤ ጓዲትም ጭናቸው ላይ ሆና ባንዱ ዓይኗ ታያለች። ያ ሁሉ ወታደር አልቆ መንገዱ ጭር ካለ በኋላ፣ አንድ አዲስ የተሾመ ሰው በሰፈሩ ሲያልፍ ድመቷን ሲጠሯት ሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«እማሆይ» አለ፣ «ይኸማ የደርጎች ስም ነው። አሁን ዘመኑ ተለውጧል፤ ይቀይሩላት እንጂ።»

«ሞገስ ሲመጣ ይቀይረዋል» አሉ።

ሰውየው ሞገስ ማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እሺ ብሎ አለፈ። ጓዲት ከዚያ በኋላ አርጅታ ሞተች፤ ጉድጓዱን ጓሯቸው የቆፈርኩላት እኔ ነኝ። የሞተችው በዚያው ስሟ ነው።